ለመኮንን የተቀቀለው ንፍሮ

ባል በቁንጅና ይነጠቃል፤ በገንዘብም ይነጠቃል። እኔ ግን ባሌን የተነጠቅሁት በጎመንና በንፍሮ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። የሌላ ሴት ነገር ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

የሺወርቅ እባላለሁ። ሰበታ ውስጥ ድግስ ያሰበ ሰው ድንኳን ከመከራየቱ በፊት የሚያንኳኳው የኔን በር ነው። ወጤ ላይ ዘይቱ ወጥቶ ካልተንሳፈፈ ድስቱን ከእሳት አላወርድም። የዳቦ ዱቄት አንዴ ነፍቼ አልተወውም፤ እንደ ባዘቶ እስኪነጣ ደግሜ እነፋዋለሁ። ፉርሽካው ለላሚቱ ነው። ለሰው ነጩ፣ ለከብት ገለባው፤ እግዜር ያደላደለው እንዲህ ነው ብዬ ነው የኖርሁት።

ይኼን የምለው በባዶ ትዕቢት አይደለም። መንዝ ልጅ ሳለሁ ገብሱን ከነገለፈቱ ነበር የምንበላው። ጤና ፈልገን አልነበረም፤ ከነፋነው የሚተርፈው ለሁላችን ስለማይበቃ ነው። ቆሎ፣ በሶ፣ ንፍሮ፤ ሲነጋ ደግሞ ንፍሮ፣ በሶ፣ ቆሎ። ያኔ "ቤት ስይዝ ነጭ ዳቦ ነው የምጋግረው" ብዬ ማልሁ። መኮንንን ሳገባ መሐላዬን ፈጸምሁ። ሰውዬው እዚሁ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራ ነበር። ምሳውን ቋጥሬ ስልክለት የሥራ ጓደኞቹ ክዳኑ ሳይከፈት በመዓዛው ያውቁት ነበር አሉ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንድ ቀን "ይኼ ይጎድለዋል" ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ስኳር ያዘው።

ሐኪሙ ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ ነው። ወረቀቱን አየት አደረገና ወደ ባሌ ሳይሆን ወደኔ ዞረ። "እማማ፣ ስኳር ጭራሽ የለም። ዘይት ይቀንሱ። ዱቄቱን ሳይነፉ ይጋግሩ። ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ቂንጬ ይስጧቸው" አለኝ።

"ልጄ፣ የነገርኸኝ እኮ የላሜን ቀለብ ነው" አልሁት።

"እንግዲያው ላምዎ ከሁላችንም በጤና ትበልጣለች" ብሎ ሳቀ። መኮንንም አብሮት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ለጥቂት ቀን እንደታዘዝሁት አደረግሁ። ጎመኑን ያለ ዘይት ሳቀርብለት ግን እጄ አፈረ። የየሺወርቅ ቤት ደረቅ ጎመን! ሰው ድንገት ቢገባ ምን ይላል? ድሃ ሆኑ ነው የሚለው። ቀስ እያልሁ ወደ ቀድሞዬ ተመለስሁ። "ትንሽ ብትቀምስ አትሞትም" እለዋለሁ። እሱም ዝም ብሎ ይበላል። በልቶ ዝም ብሎ ይተኛል። እግሩን እየለበለበው ብርድ ልብሱን ሲገፋ ግን እሰማው ነበር።

የወይንሐረግ የምትባለዋ ሴት የመጣችው ይኼኔ ነው።

ጎረቤቴ ገለቴ የአገሩ ልጅ ናት፤ እኔ ሰበታን ሳላውቃት እሷ እዚሁ ነበረች። ከግቢዋ ጓሮ ያለውን ቤት ለአንዲት የአዲስ አበባ ሴት አከራየችው። ሴትዮዋ ቢሮ ስትጽፍ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት፤ ሰፈሯ ለመንገድ ሲፈርስ ነው ወደኛ የወጣችው። በዕድሜ ከኔ ታንሳለች። ጥርሷ ሙሉ ነው። ባሏ ሞቷል አሉ። ጥርሷ ያልጎደለ፣ ባሏ የጎደለ ሴት አጥር ተጋርታኝ ስትገባ ገለቴን ጠራኋት።

"ምንድን ነው ያመጣሽብኝ?"

"ኪራይ በጊዜው ትከፍላለች፣ ሰው ላይ አትጮህም። ሌላ ምን ትሁንልሽ?" አለችኝ።

"አስቀያሚ ብትሆንልኝ ነበር የምፈልገው።"

በገባች ሰሞን አረንጓዴ ጠርዝ ያለው የቆርቆሮ ሳህን ሸፍና ይዛ መጣች። "እትዬ የሺ፣ ጎረቤት እንሁን ብዬ ነው፤ ይቅመሱልኝ" አለች። ስገልጠው ንፍሮ! ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ፤ ጨው እንኳ በቅጡ ያልጎበኘው። ከመንዝ ሸሽቼው የመጣሁት ንፍሮ በአዲስ አበባ ዞሮ ደጄ ድረስ መጣ። ላሚቱ ፊት ልደፋው ሳስብ መኮንን እጁን ሰዶ ዘገነ። ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ።

"እናቴን አስታወሰኝ" አለ።

እናቱን! እሱን ስመግብ ጸጉሬ የሸበተ ሴት አንድ ቀን እናቱን አላስታወስሁትም። እሷ በአንድ ሳህን አስታወሰችው።

የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። ሞልቶ መመለስ ደግሞ "ነይ፣ ግቢ፣ ውጪ" ማለት ነው። ስለዚህ አጥቤ መደርደሪያዬ ላይ አስቀመጥሁት። ሌላ ሳህን ላከች፣ በገብስ ቂንጬ። እሱንም አጥቤ ደረብሁት። ከዚያ ጎመን በምስር፣ ከዚያ በቆልት። መደርደሪያዬ በሴትዮዋ ሳህን ተሞላ።

"የኔ እመቤት፣ ሴትዮዋን እኮ ዕቃ ጨረስሽባት" አለችኝ ገለቴ።

"ሳህን ካለቀባት በእጇ ታጉርሰዋ!" አልኋት።

በአፌ ጠራሁት። እጇ ላይ ሳህን ሲጠፋ መኮንንን "እዚሁ መጥተው ይቅመሱ" አለችው።

ሰውዬው ጠዋት ጠዋት "ሐኪሙ ተራመድ ብሎኛል" እያለ መውጣት ጀመረ። ርምጃው ከኔ በር እስከ ገለቴ ግቢ ነው። እንዲህ ዓይነት ርምጃስ ዔሊንም አያደክማት። አንድ ጠዋት ቆርቆሮ አጥራችን ላይ ምስማር የለቀቀው ቀዳዳ አገኘሁ። አላፍርም፤ ዓይኑም የኔ፣ አጥሩም የኔ ነው።

ምን ባይ ጥሩ ነው? ባሌ በረንዳዋ ላይ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሰፌድ ጭኑ ላይ አድርጎ ምስር ይለቅማል! በኔ ቤት የጠጣበትን ብርጭቆ አንሥቶ የማያውቅ ሰው ድንጋዩን በጣቱ ጫፍ እያነሣ ወደ ጓሮ ይወረውራል። እሷ ጎመን ትከትፋለች። የሆነ ነገር ነገራት፤ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ የወለቀችው የፊት ጥርሱ ቦታ እስኪታይ ሳቀ። ያቺ ጥርስ ከወለቀች ወዲህ እኔ ፊት እንኳ አፉን በእጁ ሳይከልል ስቆ አያውቅም።

ሲመለስ ጠበቅሁት። "ምስር ስትለቅም አየሁህ።"

"ዓይኔን እየፈተንሁ ነው። ስኳር ዓይን ይነካል ብለውኛል።"

"የኔ ምስር ድንጋይ የለውም?"

"ያንቺን ማን ያስነካኛል? ወጥ ቤት ብቅ ስል 'ወንድ እዚህ ምን ይሠራል? ውጣ!' ነው የምትይኝ።"

እውነቱን ነው። እውነቱን ስለሆነ ይበልጥ አናደደኝ።

እንግዲያው እኔም አውቃለሁ አልሁ። እሑድ ዕለት ዶሮ አረድሁ። ቅቤውን ሳልሰስት ለቀቅሁበት፤ ነጭ ዳቦ ደፋሁ። መኮንን ማዕዱን አየና ትንፋሹን ዋጥ አደረገ። ቢሆንም በላ። እኔን አይቶ በላ፣ ሳህኑን ጠርጎ በላ። እኔም "ይኼውልሽ!" ብዬ ወደ አጥሩ አየሁ።

በማግስቱ ሰውዬው ዓይኑ ብዥ አለበት። ውኃ ቢጠጣ ቢጠጣ አይረካም። ግድግዳ ይዞ ነው የወጣው። በቀዳዳዬ በኩል ስሰማ የወይንሐረግ "ምን በልተው ነው ጋሼ?" ትለዋለች።

"እኔው ነኝ ያጠፋሁት። ከሰው ቤት ጣፋጭ ቀምሼ ነው" አላት።

ሸፈነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔን ግን ያንገበገበኝ ሌላ ነው፤ እኔን ከእሷ መደበቅ ጀመረ ማለት ነው። ማንን ከማን ነው የሚደብቀው?

ገለቴ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። "የሺ፣ ቅናትም ስኳር ነው፤ አንቺንም ይመርምሩሽ" አለችኝ።

"የኔ በሽታ ስሙ የታወቀ ነው። ቤትሽን ተከራይቷል" አልኋት።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ሴትዮዋን ራሷን አገኘኋት። ከተጂ ከተማ ከመጣች ነጋዴ ፊት ቆማ ገብስ በመዳፏ እያሸች ትመርጣለች። "ጎረቤት፣ ባሌን እንደ ሙክት እያደለብሽልኝ ነው አሉ" አልኋት።

"ኧረ ከስተዋል እትዬ!" አለች፣ ነገር እንዳልገባው ሰው ደስ ብሏት። "ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ነው እኮ የሚመጡት። ትናንት ቀበቷቸው ላይ በምስማር አንድ ቀዳዳ ጨመርሁላቸው። እሱም በቅርቡ ይሰፋቸዋል።"

ቀበቶ! የባሌን ቀበቶ! ገበያው ዞረብኝ።

"ቀበቶውን አውልቆ ነው ወይስ እወገቡ ላይ እያለ?" አልኋት።

ነጋዴዋ ሳቋን ልትደብቅ ሚዛኗ ላይ አቀረቀረች። የወይንሐረግ ፊቷ በርበሬ መሰለ። "እትዬ የሺ፣ ክፉ አላሰብሁም" አለች።

"ክፉ ብታስቢማ ይቀለኝ ነበር፤ መላውን አውቀው ነበር" ብያት ሄድሁ። ቤት ገብቼ ቀበቶውን አየሁት። ቀዳዳዋ ክብ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ ከሌሎቹ ጋር በመስመር ነች። ጠማማ ብትሆን እንኳ ልጽናናባት ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን እራት ላይ የተናገራት ቃል ናት። "ነገ በጠዋት ደም ሊያዩልኝ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ በባዶ ሆድህ ና ብለውኛል" አለ። "ስመለስ እዚያ ጎረቤት ንፍሮ እቀምሳለሁ። አንቺ አትድከሚ።"

አንቺ አትድከሚ! ሴትን ከቤቷ የሚያስወጣ ቃል ስድብ እንዳይመስላችሁ። ስድብ ቢሆን መልስ አለኝ። "አትድከሚ" ግን ምን ይመለስለታል? የኔ ርስት ድካሜ ነው፤ ድካሜን ከወሰደብኝ ምኔ ቀረ?

ሳህኑን እንዳነሣሁ እህል አወጣሁ። አምሮቱ ንፍሮ ከሆነ የመንዝ ልጅ ንፍሮ ምን እንደሚመስል ይይ! ስንዴ ዘፈዘፍሁ። ሽምብራ ጨመርሁ። ባቄላ ጨመርሁ። ያነሰ መሰለኝና ስንዴውን ደገምሁት። እህል በውኃ እንደሚያብጥ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የሰፈረው ቁጣዬ እንጂ እጄ አልነበረም። ጠዋት ስነሣ ባልዲው ሞልቶ ፈስሶ ባቄላው ወለሉ ላይ ተበትኗል። መኮንን ጎህ ሲቀድ ወጥቷል። ስልኩን እንደ ልማዱ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ረስቶታል።

ያን ሁሉ እህል የሚችል ድስት ቤቴ የለም። ያለው እድሩ ዘንድ ነው። የእድሩ ትልቅ ድስት የሚወጣው ለለቅሶ ብቻ ነው፤ ይኼን ሰበታ ያለ ሕፃንም ያውቀዋል። እኔ ግን በዚያ ድስት ሥር ስንት ዘመን እሳት ስቆሰቁስ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ማን ይከለክለኛል ብዬ ሄድሁ። እንቅልፍ ባይኔ ስላልዞረ ዓይኔ ቀልቷል። ራሴን ስለሚፈልጠኝ ጥቁር ሻሽ ጥብቅ አድርጌ አስሬበታለሁ።

የእድሩን ዕቃ የሚጠብቁት ኦቦ ዲሪርሳ ሲያዩኝ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። "አዴ የሺ! ማል ታኤ? ምን ሆነዋል?"

"ትልቁን ድስት አውጡልኝ።"

"ትልቁን? ለምን?"

"ንፍሮ ልቀቅልበት።"

"ያ ዋቅ! ወይ አምላኬ!" አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ጋሽ መኮንን ጠዋት ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ አይቻቸው ነበር እኮ..."

"የሱን ስም አሁን አያንሡብኝ፤ ድስቱን ብቻ!" አልኋቸው። በንዴት እንባዬ መጣ።

ድስቱን ራሳቸው ተሸክመው ቤቴ አደረሱልኝ። እንጨት ፈለጡልኝ። ሌላ ጊዜ አንድ ጭልፋ ለማውጣት እንኳ ስንት ጥያቄ የሚያበዙ ሰው ዛሬ ምን ደግ አደረጋቸው አልሁ። ሲሄዱ እጆቼን ይዘው "ዋቅ ያጽናዎት" አሉኝ። ገለቴ ቅናቴን ነግራቸው ነው ብዬ አፈርሁ።

እሳቱ ተያይዞ ድስቱ ፍል ፍል ማለት ሲጀምር የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። ማን ሞቶ ይሆን ብዬ ማማሰያዬን እንደያዝሁ ጆሮዬን አቀናሁ። የጅማ መንገድ ከባድ መኪና ስሙን ዋጠብኝ።

ወዲያው በሩ ተበረገደና ማዶ ያለችው ባለ ሱቋ እናትነሽ ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ትመታለች። "ወየው ጋሼ! ወየው ጋሼ መኮንን! ጠዋት ሰላም ብለውኝ ነው እኮ የሄዱት!"

ማማሰያው ከእጄ ወደቀ።

ከሆስፒታል ደውለውላት ነው አልሁ። በባዶ ሆዱ እንደወጣ መንገድ ላይ ወድቆ ነው አልሁ። ለካስ እኔ ከእናትነሽ ሰማሁ፣ እናትነሽ ከኦቦ ዲሪርሳ ሰማች፣ ኦቦ ዲሪርሳ ደግሞ ከድስቱ ነው የሰሙት! ይኼን ያኔ ማን ይንገረኝ? መሬት ላይ ቁጭ አልሁ።

"መኮንን! መኮንንዬ! አትድከሚ ብለኸኝ እንዲህ ልታሳርፈኝ ነው?"

ግቢው ሞላ። ሴቱ ከበበኝ። ወንዶቹ ድንኳን መትከል ጀመሩ። ገለቴ አንገቴን አቅፋ ታለቅሳለች። "አጥር ለአጥር ሆነን ለእድር ነግረሽ ለኔ አትነግሪኝም?" ትለኛለች። ምን እንደምትል አልገባኝም፤ ማንስ በዚያ ሰዓት የሚገባው አለ?

እግዜር ይይልኝ፣ በዚያ ሁሉ እንባ ውስጥ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። እሷ ትመጣለች። እንዴት እንደምታለቅስ አያለሁ። የጎረቤት ለቅሶ አለ፤ የጎረቤት ያልሆነ ለቅሶም አለ። እኔ ስንት ድንኳን ያገለገልሁ ሴት ነኝ፣ በድምፁ እለየዋለሁ።

መጣች። ባዶ እግሯን ነው የሮጠችው፤ ክንዷ ላይ የጎመን ቅጠል ተለጥፏል። ደጄ ላይ ስትደርስ እንደተገነደሰ ዛፍ ወደቀች። ያን ዓይነት ለቅሶ እኔ ሚስቱ እንኳ አላለቀስሁም። የምትጮኸው በአፏ አይደለም፣ ከሆዷ ነው። ሴቶቹ ዞረው እሷን አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው እኔን አዩ። ያችን አስተያየት እስክቀበር አልረሳትም።

ይኸው አልሁ በልቤ፤ ሞቶም የኔ አልሆነም።

ተነሥቼ ላስወጣት እጄን መሬት ላይ ተከልሁ። የምትለውን ቃል ያኔ ነው የሰማሁት።

"ሽመክቴ! ሽመክቴ! ድንኳን ያላየኸው! ሰው ያልቆመልህ የኔ ጌታ!"

መኮንንን አይደለም። የራሷን ሟች ነው። ሰው በሰው ለቅሶ የራሱን ያለቅሳል፣ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ምስር የለቀመላት ሰው ነው! አንዲት እንባ እንኳ በስሙ አይገባውም?

ይኼን እያሰብሁ ደጃፉ ላይ ባጃጅ ቆመ።

መኮንን ወረደ። ድንኳኑን አየ፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ። ሰው እየገፋ ገባ፤ በአንድ እጁ የሚወርደውን ሱሪውን ይዟል፣ በሌላው ደረቱን ይደቃል።

"የሺዬ! የሺዬ! ሳልሰናበትሽ? ለማን ጥለሽኝ? የሺዬ!"

የሺዬ ብሎ የጠራኝ አዲስ ተጋቢዎች ሳለን ነው። ከዚያ ወዲህ "አንቺ" ነኝ፣ "ስሚ" ነኝ፣ "እዚህ ቤት" ነኝ። ድምፁ እንደ እንስራ ተሰንጥቋል። ካየኋቸው ወንዶች እንደዚያ ሲያለቅስ ያየሁት የለም፤ ያየሁት አንድ ወንድ ደግሞ የሚያለቅሰው ለኔ ነበር። እዚህ ነኝ ሳልል ሰማሁት። ኃጢአት ከሆነ ይሁን፤ ጥቂት ሰማሁት።

ኦቦ ዲሪርሳ ዞረው ሲያዩት የያዙትን ገመድ ለቀቁ፤ ድንኳኑ በወንዶቹ ላይ ተከነበለ። እናትነሽ እያማተበች ወደ በሩ ሸሸች። መኮንን ከሴቶቹ መካከል እኔን አገኘኝና አፉን እንደከፈተ ቀረ።

"ማን ነው የሞተው?" አለ።

"እስካሁን አንተ ነበርህ" አለችው ገለቴ።

ከዚያ የሆነው ሳቅ ይሁን ለቅሶ የለየው የለም። እኔ ፊቱን ነው ያየሁት። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ከድስቱ ጨለፍሁ፣ ውኃውን አጠለልሁ፣ እፍ እፍ አልሁና ሕዝብ ፊት አጎረስሁት። አላመጠ። ግቢው ሙሉ ሰው አፉን ያያል።

"ሽምብራው ትንሽ ይቀረዋል" አለ።

"ሞትህን ያረዱኝ ሽምብራው ሳይበስል ነው። አኝከው!"

አኘከው። ደግሞ አፉን ከፈተ።

የወይንሐረግ አቧራዋን አራግፋ በአጥሩ ጥግ ጥግ ሹልክ ልትል ነው። "የት ነው? ነይ ወዲህ!" አልኋት። "ማንን ነው በኔ ግቢ እንደዚያ ያለቀስሽው?"

"ይቅርታ እትዬ የሺ፣ አምልጦኝ ነው" አለች መሬት መሬት እያየች። "ባለቤቴን ነው። እሱ ሲሞት ሰፈራችን ፈርሶ ሰዉ ሁሉ በየአቅጣጫው ተበትኖ ነበር። እድራችንም አብሮ ፈረሰ። ቀብሬው ስመለስ ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ። እሱም ስኳር ነበረበት፤ ምን ማብላት እንዳለብኝ የገባኝ እሱ ካለፈ በኋላ ነው። ጋሼ ሲበሉ ሳይ ደስ ይለኛል። ሌላ ምንም የለም።"

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ልቤ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ሴት አይደለሁም። ነገሩን አሰብሁት እንጂ። ባሏ በወጉ ያልተለቀሰለት ሴት የሰው ባል ስታበላ ትኖራለች። የሷን ሰው አልቅሰን ከሸኘንላት ምናልባት የኔን ትለቅልኝ ይሆናል።

"ኦቦ ዲሪርሳ! ድንኳኑን መልሰው ይትከሉት" አልሁ። "ንፍሮው ባለቤት አግኝቷል።"

"አዴ የሺ፣ ሴትዮዋ እኮ እድርተኛ አይደሉም። ደንብ አለን።"

"ደንቡ በቁሙ ላለ ሰው ጡሩንባ ንፉ ይላል?"

ኦቦ ዲሪርሳ መሬቱን አዩ። ገለቴ ደግሞ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጨመረችላቸው፤ ምን እንዳለቻቸው ባልናገር ይሻላል። ድንኳኑ ተነሣ።

ሽምብራው እስኪበስል ጠበቅን። ከዚያ ሰዉ በእፍኙ እየዘገነ አይቶት ስለማያውቀው ሽመክት ጠየቃት፤ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ ሲቆጣ እንዴት እንደሚሆን። አልቅሳም ነገረችን፣ ስቃም ነገረችን። መኮንን ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ የራሱን ለቅሶ ንፍሮ ያላምጣል። የወይንሐረግም ከኔ ድስት ዘግና ቀመሰች። ጥቂት ቆይታ "ከኔ ይጥማል፣ እትዬ" አለች። እኔም አላስተባበልሁም፤ እውነት ነዋ።

አሁንም ዱቄት እነፋለሁ፣ ለእንግዳ። ለመኮንን ግን ሳልነፋ ነው የምጋግረው፤ ላሚቱ ፉርሽካዋ አንሶባት አኩርፋለች። ዘይቱ ከወጡ ላይ ጠፍቷል፤ ዓይኔ ገና አልለመደውም፣ አፌ ግን ለምዶታል። ምስር የሚለቅመው ወጥ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። ስንት ድንጋይ ያልፈዋል መሰላችሁ! ዞር ሲልልኝ መልሼ እለቅመዋለሁ፤ አልነግረውም። ብርድ ልብሱን በእግሩ መግፋት ትቷል። ቀበቶው ላይ ሌላ ቀዳዳ አስፈለገውና እኔ በሳሁለት፤ የኔዋ ትንሽ ጠመም ብላለች።

ሳህኖቿንም መለስሁላት። ሁሉንም ሞልቼ፣ በቂንጬ፣ በጎመን፣ በተልባ፤ አረንጓዴ ጠርዝ ያለውን በንፍሮ። ስወጣ መኮንን ብድግ አለ። "ይከብድሻል፣ እኔ ላድርስልሽ። አንቺ አትድከሚ" አለኝ።

"ቁጭ በል!" አልሁት። እኔው ራሴ ተሸክሜ ወሰድሁላት።

የአጥሩንም ቀዳዳ አልደፈንሁትም።